ቧንቧ ሠሪውና የሚስቱ አበባ

ቧንቧ ሠሪው ውሃ ሲንጠባጠብ ከሰማ ዕረፍት የለውም። ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ እጅ መታጠቢያ ሥር ተንበርክኮ የተገኘ ሰው ነው። ሌላ ከተማ ለሥራ ከርሞ ሲመለስ የገዛ ጓሮው ቧንቧ እየተንጠባጠበ አፈሩን ሲያረጥብ ቢያገኘው እንደ ስድብ ቆጠረው። ሚስቱ ገበያ ሄዳለች። አጅሬ ሻንጣውን ሳይፈታ መጋጠሚያውን ቀይሮ፣ ቃጫ ጠቅልሎ፣ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ጭቃው ላይ የበቀለውን ቅጠል አረም መስሎት ዞር ብሎም አላየው። ምስጋናውን ሊቀበል ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት።

እሷ ግን ክው አለች። አረም የመሰለው፣ ልጅ ሳለች ከእህቶቿ ጋር ጭቃ ለጭቃ እየተንቦራጨቀች የምትለቅመው ቢጫ የረግረግ አበባ ነበር። ረግረጉ ሕንፃ ሊሠራበት ሲደፈን ሄዳ ያተረፈችው አንድ ሥር ይኸው ብቻ ነው። ቧንቧው ሥር ተክላው ጠብታውና የግድግዳው ጥላ ተስማምቶት ነበር።

"እኔ አጠጣዋለሁ" አላት፤ ነገሩን ሊያቀልላት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ በባልዲ ይገለብጥበት ጀመር። የባልዲ ውሃ ግን አፈሩን አጥቦ ሥሩን ከማጋለጥ በቀር የፈየደው የለም። ቅጠሉ ተጠቀለለ። ሚስቱ ማታ ማታ እየወጣች የተጋለጠውን ሥር አፈር ታለብሰዋለች። ብትቆጣው በተሻለው ነበር።

አንድ ጠዋት መፍቻውን ይዞ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ማላላት እንዲህ ይከብዳል ብሎ አላሰበም። ትንሽ ሲፈታው ይንፎለፎላል፣ ሲመልሰው ቀጥ ይላል። ላብ በላብ ሆኖ ሲታገለው አረፈደ፤ በመጨረሻ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። መልሶ ሊያጠብቀው መፍቻውን አነሣና ተወው።

አበባው ግን ነፍስ ዘራ፤ ሰንበትበት ብሎም ፈካ። ሚስቱ ቁርሷን እንኳ እዚያው በርጩማ ላይ ሆና ትበላ ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው፣ ነገር የማያመልጠው ጡረተኛ ሹፌር፣ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ አየ። በሰፈሩ የሚያወራው ወሬ አግኝቷልና ፊቱ በራ።

"የቧንቧ ሠሪ ቤት ያፈስሳል እንዴ ጃል?"

ሚስቱ ቀና ብላ ባሏን አየችው። የሥራ ስሙ ለእሱ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

"አያፈስም" አለ ቧንቧ ሠሪው፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ። "እንዲህ የለፋሁበት ቧንቧ የለም።"