የመልሕቁ ሰበብ

ባሏ መልሕቅ መጣል የሚያዘወትረው ከትዕቢት ነው ብላ ነበር በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያመነችው። በየወሽመጡ፣ ከባሕሩ ወለል በሰንሰለት የተያዙ ተንሳፋፊ ኳሶች ተሰልፈው እየጠበቁ፣ የአንዱን ገመድ በመንጠቆ ስቦ ጀልባውን ማሰር ብቻ ሲቀር፣ እሱ አልፏቸው ይሄዳል፤ አሸዋማ ቦታ ፈልጎ መልሕቁን ይጥላል፤ ከዚያም መልሕቁ እንዳይነቀል ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲጠብቅ ያድራል።

«ሌላ ሰው ባሰረው ነገር ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል።

«ባንተ ቤት ከባሕሩ የበለጠ አዋቂ ነህ!» ትለዋለች።

ይስቃል። በመጨረሻው ጉዟቸውም «ይህ ግትርነትህ አንድ ቀን ይገድልሃል» ብላው ነበር፤ ያን ጊዜም ስቋል።

የገደለው ግን ሕመም ነው። አሁን ጀልባው ለሌላ ሰው ሊተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት መጥቶ እስኪረከበው ድረስ ማንም ሳይኖርበት ወሽመጡ ውስጥ ሊቆይ ነው። መልሕቅ ደግሞ ነቅቶ የሚጠብቀው ይፈልጋል፤ ጠባቂው አፈር ለብሷል። ስለዚህ ጀልባው ከኳስ ጋር ሊታሰር ግድ ሆነ። ይህ ለእሷ ሟቹን በሌለበት የመርታት ያህል ነበር።

መሪውን የያዘው የባሏ ታናሽ ወንድም፣ አናጢው፣ ረጅሙን መንጠቆ አንስታ ወደ ጀልባው ፊት ስትራመድ ባየ ጊዜ የሞተሩን ፍጥነት ቀነሰ።

«እትዬ፣ መንጠቆውን ለኔ ስጪኝ።»

«አናጢ ሚስማር እንጂ ገመድ መያዝ መች ያውቅበታል?»

«ስድቡን ለኋላ አቆዪልኝ። የጋሼ አደራ አለብኝ።»

«የምን አደራ?»

አናጢው ዓይኑን ከውሃው ላይ አልነቀለም።

«ያኔ፣ በተጋባችሁ ሰሞን፣ የኳሱን ገመድ ይዘሽ አልለቅም ስትዪ፣ ጀልባው ጎትቶሽ ትከሻሽ ወልቆ የለ? ድኛለሁ አልሽ። ጋሼ ግን ሹራብሽን በአንድ እጅሽ እየታገልሽ ስትለብሺ ያይሽ ነበር። ‹የጀልባው ፊት የኔ ቦታ ነው ትላለች፤ ገመድ አትንኪ ብላት ቅስሟ ይሰበራል። ይልቅ መልሕቅ እየጣልኩ እኔን ግትር ትበለኝ› አለኝ።»

ትከሻዋ፣ ስሙ እንደተጠራ ሁሉ፣ ጠዘጠዛት።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምሎኝ ነበራ! አሁንማ ለማን ብዬ ልደብቅ?»

እሷ ከታች፣ በሞቀው አልጋ፣ ጥርሷን ነክሳበት ስትተኛ እሱ ከላይ ለአንድ ትከሻ ሲል የነቃባቸውን ሌሊቶች ማስታወስ ጀመረችና ተወችው። ይቅርታዋን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፤ የሚፈጸም አደራ ግን ነበር።

መንጠቆውን ለአናጢው ሰጠችው። መሪውን ተቀብላ ጀልባውን ወደ ነፋሱ አዞረችው፤ ኳሱ አጠገብ ሲደርሱም ሞተሩን አጠፋች። አናጢው ገመዱን ስቦ አሰረው።