አምስተኛው ምስማር

«ቁራጭ፣ ሻዩን ተዪውና ነይ። ያገኘሁትን እዪ!» አለች ታላቅየዋ፤ እናታቸው በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ሳሎኑ ለቀስተኛ እንደሞላ።

ቁራጭ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። አጭር ስለሆነች ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ሰፈሩም ወደደውና ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላት በዚያው ጠራት። ትሪውን አስቀምጣ መጣች።

ታላቅየዋ ከጀርባዋ ፍሬም አወጣች። ሸራው ላይ ቢጫ አበባ ያለው የሕፃን ቀሚስ ተወጥሯል፤ መሃሉ ላይ በቀይ ጨርቅ የቁራጭ እውነተኛ ስም ተሰፍቷል። ቁራጭ ቀሚሱን ከአንድ ፎቶ ታውቀዋለች፤ ያኔ አንድ ዓመቷ ነበር።

«አልጋ ሥር ነው ያገኘሁት። እማዬ ሠርታልሽ ነበር» አለች ታላቅየዋ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ዓይኗን ጠረገች። የሞተ ባሏን ሸሚዝ ሸራ ላይ ወጥራ የሰጠቻት ሟቿ ናት። «አየሽ ልጄ፣ የመጨረሻ ሐሳቧ አንቺ ነበርሽ።»

ቁራጭ ፍሬሙን ተቀበለች። ይህችን ነገር ስትጠብቅ ነው ዕድሜዋ ያለቀው።

ሟቿ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚሁ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሰው ልብስ ሸራ ላይ ስትወጥር ኖራለች። ሰው የሚሳሳለትን ያመጣላታል፤ እሷ ደግሞ ስም ሰፍታበት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ታደርግለታለች። ለራሷ ቤተሰብም አምስት ምስማር መታች። አንደኛው ላይ የባሏ ካፖርት ተሰቀለ፤ ከዚያ የታላቅየዋ የሠርግ ቀሚስ፣ ከዚያ የወንድ ልጇ የትምህርት ቤት ሸሚዝ። አራተኛውን ቁራጭ የኔ ነው ብላ ስትጠብቅ ድመቷ ሞተችና የድመቷ ብርድ ልብስ ተሰቀለበት። ቀልድ አይደለም፤ ስሟም ተሰፍቶበታል።

«እማዬ፣ የኔስ?»

«ያንቺ ይደርሳል። የት ትሄጃለሽ?»

እውነትም የትም አልሄደችም። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ቆማ ጨርቅ ያዘችላት፣ የኮላ ብሩሽ ጠረገችላት። ሥራውንም ተማረች፦ መጀመሪያ የአንዱ ጎን መሃል በስቴፕለር ይመታል፣ ቀጥሎ የፊት ለፊቱ፣ እንዲህ እየሳቡ ወደ ዳር መሄድ ነው፤ ጥግ የመጨረሻ ነው። ከጥግ የጀመረ ሰው ጨርቁ ይጨማደድበታል። እሷ አንድ ቀን ተሳስታ ከጥግ ብትጀምር እናቷ ደንበኛ ፊት፣ «ይሄ እጅ ነው እግር?» አለቻት። ደንበኛዋ ሳቀች። ቁራጭም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

አሁን ፍሬሙን ገለበጠችው። የስቴፕለሩ ሽቦዎች ጥግ ጥጉ ላይ ተደራርበዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መልሳ ስታዞረው ከታችኛው ጥግ ተነስቶ ስሟ ድረስ የሚዘልቅ ጭምድድ አየች። እናቷ አልጋ ላይ በትኩሳት እየተቃጠለች እንኳ እንዲህ አትሠራም።

እህቷን ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋች።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሠራሽው?»

«ምኑን?»

«ከጥግ ነው የጀመርሽው።»

ታላቅየዋ፣ «ትናንት ጠዋት» አለች። «ሰው ሁሉ የማን ነው እያለ ስለዚያ ባዶ ምስማር ይጠይቀኛል። አንቺም ፈዘሽ ታዪዋለሽ። አሳፈርሽን እኮ።»

«ቀሚሱን ከየት አመጣሽው?»

«ተዪው በቃ።»

«ከየት?»

«ከኮላ መጥረጊያ ጨርቆቹ ካርቶን ውስጥ። ደስ አለሽ? ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር፤ በፈላ ውኃ ነው ያላቀቅኩት። ስምሽን ያተለቅኩትም የቀረውን እድፍ እንዲሸፍን ብዬ ነው።»

ቁራጭ ያንን ጨርቅ ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእናቷን ብሩሽ ስትጠርግበት የኖረችው ራሷ ናት። ኮላው ሸፍኖት አበባውን አይታው አታውቅም እንጂ። እናቷ ግን የምን ጨርቅ እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ በየቀኑ በልጇ እጅ ላይ እያየችው አንዲት ቃል አልተናገረችም።

«ይሄ እጅ ነው እግር?» አለች ቁራጭ። ድምፁ ቁርጥ የእናቷ ነበር።

ታላቅየዋ ፊቷ አመድ መሰለ። በስቴፕለር የተወጋ ጣቷን እያሸች፣ «ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አለች።

«ለሰው ብለሽ ነው። የድመቷ ይሻላል።»

እህቷን እዚያው እያለቀሰች ትታት ወደ ሳሎን ተመለሰች። ፍሬሙን በገዛ እጇ አምስተኛው ምስማር ላይ ሰቀለችው። አዲስ ለቀስተኞች ገብተው ኖሮ አስተማሪዋ ጠራቻት።

«እስቲ ንገሪያቸው ልጄ፤ ማን እንደሠራልሽ።»

ታላቅየዋ የጓዳውን በር ይዛ በቀላ ዓይን ታያታለች።

«እማዬ ናት» አለች ቁራጭ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እሷ አውራ ጣቷን ጭምድዱ ላይ አድርጋ ጨርቁን ወደ ታች ሳበችው፤ ተቃና። ስትለቀው ተመልሶ ተጨማደደ። እንደገና ሳበችው፤ ለቀስተኛው ተነስቶ እስኪወጣ ድረስ ጣቷን ሳታነሳ እዚያው ቆመች።