ፊቷን ወደ መንገድ ያዞረች ሶላር

የእህቴ ቤት ጣሪያ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ወደ ጓሮ ያጋደለ ነው፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አትለየውም። ሌላው ወደ ትልቁ መንገድ ነው፤ ከማዶ ያለው ባለ አራት ፎቅ ስለሚጋርደው እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ካገኘ ዕድለኛ ነው። እኔ የሶላር ባለሙያ ነኝ። ፓኔሎቹንና የውሃ ማሞቂያውን የገጠምኩት ወደ መንገዱ ነው።

ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው መሰላል ላይ መውጣትም የለበትም። ሱቅ ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበርና አላፊ አግዳሚው ሥራዬን ይይልኝ ብዬ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችኝ እትዬ፣ "የጓሮው አይሻልም?" ስትለኝ፣ "እዚያ ቆርቆሮው አርጅቷል፣ ክብደት አይችልም" አልኳት። ቆርቆሮው ከኔ ጥርስ ይጠነክራል።

ማሞቂያው የተፈለገው ለባሏ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ኖረው አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ካልታጠቡ እስከ ምሳ ድረስ ወንበር እየተደገፉ ነው የሚራመዱት።

አራት ወር ሙሉ፣ በደወልኩ ቁጥር "ይሠራል?" እላለሁ። "እንዴታ" ትለኛለች። ጆሮዬ የሚወደውን ስለሰማ ሄጄ ልየው አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሱቄ መጣች። ፓኔሎቹን ከመንገድ አይታ ነው። አሥራ ሁለት ክፍል አላት፤ ግን ውሃውን በእጇ ሳትነካ እንደማትዋዋል ነገረችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ለእትዬ እንኳ ሳልደውል፣ በማግስቱ ጠዋት ይዣት ሄድኩ።

እትዬ በር ከፍታ ሁለታችንንም አየች፤ ነገሩ ወዲያው ገባት።

"ውሃው ይሞቃል?" አለች እንግዳዋ።

"ማቃጠሉ ነው የቸገረን። ቆይ፣ ቀድቼ ላሳይዎት" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እንፋሎቱ የሚጨስ ባልዲ ይዛ ወጣች። እንግዳዋ ጣቷን ነከር አድርጋ ቶሎ ሳበችው። "ይሄ ነው ሥራ ማለት" አለችኝ።

እኔ ግን የከሰል ጭስ ሸተተኝ። በጓዳው በር በኩል ሳይ ቂጡ የጠቆረ ድስት ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። የእትዬ እጅ አንጓ ላይ ያልዳነ የቃጠሎ ቁስል አለ። ጋሼ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ወንበር ተደግፈው ቆመዋል። የሚታጠቡበትን ባልዲ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬት አዩ። መሬት ማየት የነበረብኝስ እኔ ነበርኩ።

"መብራቱስ?" አለች እንግዳዋ።

"ሲያበራ ነው የሚያድረው" አለች እትዬ። ከኋላዋ፣ መስኮቱ ላይ፣ እስከ ወገቡ የቀለጠ ሻማ ቆሟል።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብናገር እህቴን በእንግዳ ፊት ውሸታም ማድረግ መስሎኝ መልሼ ዘጋሁት። ሰበብ መሆኑን አውቄዋለሁ። እንግዳዋ "ነገ እንፈራረማለን" ብላ ወጣች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት እትዬን።

"ከገጠምክበት ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልህ? የጓሮውን ቆርቆሮ አምና በአዲስ ያስለወጥኩት እኔው ነኝ።" ፈገግ አለች። "የሰው ፊት እሳት ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። አንተም ሶላሯን ወደ ሰው ፊት አዞርካት። እሳቱ ግን ውሃ አላሞቀም።"

ጋሼ ሳቁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እሷም አልዋጠችኝም።

መሰላሉን ከጓሮ አምጥቼ ወጣሁ። እትዬ ከታች ያዘችልኝ። የመጀመሪያውን ፓኔል ብሎን መፍታት ስጀምር መንገደኛው ቆም ቆም እያለ ያየኝ ጀመር። እንዲያየኝ አይደል የፈለግኩት? ከሰዉ መሀል እንግዳዋ ነበረች፤ ታክሲ እየጠበቀች ነው።

"ምነው፣ አሁን ሠራ ያልነውን ታፈርሰዋለህ?" አለችኝ።

"ጥገና ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ወደ ታች ሳይ እትዬ ቀና ብላ ታየኛለች።

"ሠርቶ አያውቅም" አልኩ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ። "ፀሐይ እንደማያገኝ እያወቅኩ ነው፣ ሰው እንዲያየው ብዬ ወደዚህ የገጠምኩት። ቅድም የነኩት ውሃ በከሰል የሞቀ ነው። እህቴ የዋሸችው የኔን ገመና ልትሸፍን ነው።"

ታክሲው መጣ፣ እንግዳዋ ገባች፣ ሄደ። የቀሩት ግን ቆመው ያዩኛል፤ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

"ሞቀህ?" አለችኝ እትዬ ከታች።

"አቃጠለኝ።"

"በል እንግዲህ ፍታና ወደ ጓሮው አዙረው፤ ነገ ለጋሼህም ይሙቅላቸው" አለችና መሰላሉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።