ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ የሞቱ ጠቋሚዎች

የአንድን ነገር መጠሪያ የለወጠ ሰው ነገሩን ራሱን የለወጠ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ስሙን ሰምቶ ጠባዩን አያርምም። ይህን ለማስረዳት የአንድ ኮምፓይለር ክፍል ኃላፊ የነበረውን ሰው ታሪክ መናገር ይበቃል።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም መርምሮ ማሽን ወደሚረዳው ቋንቋ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በዚህ ክፍል አንድ የተከበረ አሠራር ነበር፦ ትርጓሜ ሁሉ አስቀድሞ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ኮምፓይለሩም የሚፈትሸው ያንኑ መዝገብ እያነበበ ነው። በመዝገቡ ስህተት የተባለው ይያዛል፤ ያልተባለው ያልፋል። ትርጓሜዎቹን የምትጽፈው የኃላፊው የእህት ልጅ ነበረች። እርሷም ስለ ጠቋሚ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ጠቋሚ፣ አንድ መረጃ በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ የተቀመጠበትን ስፍራ አድራሻ የያዘ ነው። መረጃው ተወግዶ ስፍራው ከተለቀቀ በኋላ ያንኑ አድራሻ እንደያዘ የቀረ፣ የሞተ ጠቋሚ ይባላል፤ ይህም ስህተት ነው።»

የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ሆስፒታል ነበር፤ የበሽተኞች መመዝገቢያ ፕሮግራሙ በዚህ ትርጓሜ ሲፈተሽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሞቱ ጠቋሚዎች ተገኙበት። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ የፕሮግራሙ ምረቃ ሐሙስ። ኃላፊው ለዳይሬክተርነት ታጭቷል፤ ለዚህ ክብር ሲልም የሐሞት ጠጠሩን ቀዶ ሕክምና ሲያዘገይ ከርሟል። እጁን ከቀኝ ጎኑ ሳያነሣ ወደ ልጅቱ ጠረጴዛ መጣ።

«ስሚ፣ ይሄ ‹የሞተ› የሚለው ቃል ትንሽ አልከበደም?»

«ሞቷላ ጋሼ! ምን ልበለው፣ ዐረፈ?»

«ቀልዱን ተዪውና አንዱን አሳዪኝ።»

«በሽተኛው ሲሰናበት ፋይሉ ይዘጋል፣ ቦታው ይለቀቃል። ሌላ በሽተኛ ይገባበታል። የድሮው የካርድ ቁጥር ግን አሁንም ወደዚያው ቦታ ይጠቁማል። ሐኪሙ ሲከፍተው ማንን እንደሚያገኝ ፈጣሪ ይወቅ።»

«ግን ይጠቁማል አይደል?»

«መጠቆሙንማ ይጠቁማል።»

«በቃ! ሥራውን ያላቆመን ነገር እንዴት ሞተ ትይዋለሽ? በዚህ ቤት ከሱ ያነሰ የሚሠራ ስንት ሰው አለ።»

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ እዚያው ሆስፒታል ነው የሚተኙት።»

«ይሄን አፍ ከእናትሽ ነው የወረስሽው። ለውጪውና ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

አልፈረመችም። ስለዚህ በዚያው ከሰዓት በኋላ ለልምድ ልውውጥ ተብላ ምድር ቤት ወደሚገኘው የማተሚያ ክፍል ተዛወረች፤ በዚያም ወረቀት ከሚያኝክ አንድ አሮጌ ማተሚያ ጋር ልምድ ተለዋወጠች።

ኃላፊውም ትርጓሜውን በገዛ እጁ አቃናው፦ «ጠቋሚ፣ አድራሻ የያዘ ሁሉ ነው፤ አድራሻ እስከያዘ ድረስም ሕያው ነው።» ኮምፓይለሩ አዲሱን መዝገብ አነበበ፤ ስህተቱ ዜሮ ሆነ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሙታን በአንድ ዓረፍተ ነገር በአንድነት ተነሡ፤ ከፕሮግራሙ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልተነካችም።

ሐሙስ ዕለት ዜሮዋ በግድግዳ ላይ ጎልታ ታየች፤ ተጨበጨበላት። ኃላፊው ለማሳያ ይሆን ዘንድ የመጀመሪያው በሽተኛ ሆኖ ራሱን አስመዘገበ፤ ካርድና የቀዶ ሕክምና ቀጠሮም ተሰጠው። ዓርብ ግን ዳይሬክተር የሚሾመው ቦርድ አባላት ሊያዩት ስለፈለጉ ቀጠሮውን አሰረዘ፤ ፋይሉም ተዘጋ። ሰኞ ጠዋት ሕመሙ ቢጠናበት ያንኑ ካርድ ይዞ ሆስፒታል ደረሰ።

ነርሷ ቁጥሩን አስገባች፤ ስክሪኑን አየች፣ እርሱን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች።

«አባቴ፣ ተነሥተው መሄድ አልነበረብዎትም።»

«ለምን?»

«ገና አራስ ነዎታ! ቅዳሜ መንታ ተገላግለዋል ይላል። ሁለቱም ወንዶች፤ እንኳን ደስ አለዎት።»

«እኔ የሐሞት ጠጠር ነው ያለብኝ!»

«እዚህ ስለ ጠጠር የተጻፈ ነገር የለም።»

«ስህተት ነዋ! አይታይሽም እንዴ?»

«እኔማ ይታየኛል፤ ሲስተሙ ነው እንጂ ያልታየው። ይኸው፣ ስህተት ዜሮ ይላል።»

በተለቀቀው ስፍራ አንዲት ወላድ ተመዝግባበት ነበር፤ የካርዱ ቁጥርም ወደዚያው ይጠቁማል። በኃላፊው ትርጓሜ መሠረት ጠቋሚው ፍጹም ጤነኛ ነበር። ጤና ያጣው ባለካርዱ ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ በዚያው ዕለት ፕሮግራሙን ዘጋ፤ በሽተኞች ሁሉ በወረቀት እንደገና እስኪመዘገቡም ድረስ ለሕይወት የማያሰጋ ቀዶ ሕክምና እንዲቆም አዘዘ። የኃላፊው ጠጠር ለሕይወት አያሰጋም ተባለ፤ አሥራ አንድ ቀን ጎኑን ይዞ ጠበቀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠጠሩ ወጣለት። ወደ ሥራ ሲመለስ ከኃላፊነቱ ተሽሮ ነበር፤ ዕጩነቱም ተሰርዟል። የእህቱ ልጅ በቦታው ተተክታ የቀድሞውን ትርጓሜ መለሰች፤ እርሱም ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን የሞቱ ጠቋሚዎች አንድ በአንድ እንዲያርም ተፈረደበት። ጠረጴዛው ምድር ቤት፣ ከማተሚያው አጠገብ ነው።