ዳይሬክተሩም እጅጌያቸውን ይሰብስቡ

የመዋዕለ ሕፃናት ዘበኛ ነኝ። ሰፈርተኛው «ቀደዳው» ይለኛል። ዋሽቼ ግን አላውቅም፤ እውነቱን ትንሽ አሳድገዋለሁ እንጂ። ልጅ ሆኜ የተከተብኩበት መርፌ ከመርዘሙ የተነሣ በእኔ ክንድ ገብቶ ከኋላዬ የተሰለፉትን ሦስት ልጆች ከትቧል። ሦስተኛው እስካሁን ያመሰግነኛል።

ሰሞኑን ኩፍኝ ገባና ዳይሬክተሩ «ያልተከተበ በዚህ በር አያልፍም፤ ትዕዛዝ ነው!» አሉኝ። ተስማማሁ። እዚሁ የሚውለው የልብስ ሰፊዋ ልጅ የደም በሽታ ይዞት ሐኪም መከተብ ከልክሎታል፤ ኩፍኝ ካገኘው አለቀለት። እሱን የሚያድነው የሌሎቹ መከተብ ነው።

መጀመሪያ ያለ ክትባት የመጣችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የእህቴ ልጅ፣ በእናቷ እጅ ተይዛ!

«ወንድም ጋሼ፣ ክፈት እንጂ።»

«አልከፍትም።»

«ለእኔ? ለእህትህ?»

«እናታችን ከመቃብር ተነሥታ ብትመጣም ክንዷን አያለሁ።»

እህቴ ክትባት ጠልታ አይደለም። ትልቁ ልጇ የተከተበ ሰሞን ትኩሳት አንቀጥቅጦት ጤና ጣቢያ ይዛው ስትሮጥ «ምንም አይደለም፣ ሂጂ» ብለው መለሷት። ልጁ ዳነ፤ ያቺ «ምንም አይደለም» ግን እስካሁን ጉሮሮዋ ላይ ቆማለች።

ይሄኔ ዳይሬክተሩ ከመኪናቸው ወርደው መጡ።

«ትኩሳቱ ቢደገምስ? ይንገሩኝ፣ ልወቀው» አለቻቸው እህቴ።

«ሴትዮ፣ ትዕዛዝ ማብራሪያ የለውም። አንተ፣ ክፈትልኝ!»

ደሜ ፈላ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

«ጌታዬ፣ እርስዎስ ተከትበዋል?»

«ምን?»

«ትዕዛዙ ‹ያልተከተበ› ይላል እንጂ ‹ያልተከተበ ሕፃን› አይልም። እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

በሩ ላይ የተሰበሰቡት ወላጆች በሳቅ ፈረሱ።

«አብደሃል? ዛሬውኑ አባርርሃለሁ!»

«ያባርሩኛ! የማባረሪያው ደብዳቤ ማኅተም ግን ያለው ውስጥ ነው።»

«ምንድነው የምትፈልገው?»

«ትዕዛዝ ከሆነ ለሁሉም ነው። የጠየቀ ሰው ደግሞ መልስ ያገኛል። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ይጥሩልን።»

እያጉረመረሙ ደወሉ። ነርሷ የክትባት ሣጥኗን አንጠልጥላ መጣች፤ እህቴም የትልቁን ልጇን ነገር ነግራ ያንኑ ጠየቀቻት። ነርሷ «ምንም አይደለም» አላለችም።

«ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳት ሳይተው ያልፋል። ኩፍኙ ከዚህ እጅግ ይከፋል። ያኔ ይህን ሳይነግሩሽ መመለሳቸው ነውር ነው። ስልኬን ያዢ፤ ካተኮሳት ደውዪ፣ እመጣለሁ።»

እህቴ ግቢው ውስጥ የሚጫወተውን የልብስ ሰፊዋን ልጅ በበሩ ፍርግርግ አሻግራ አየችው፤ ሕመሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አንድ ሰው እንኳ ‹ለዚህ ልጅ ስትይ› አላለኝም። ትዕዛዝ፣ ትዕዛዝ ብቻ!» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ይኸው ክንዷ። ታዝዤ እንዳይመስልዎ። መልስ አግኝቼ ነው!»

ልጅቷ ተወጋች፣ ጮኸች፣ ገባች። በሩን መልሼ ቆለፍኩት።

«አሁንስ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አሁን እርስዎ ቀሩ።»

ወላጆቹን አዩ፤ ነርሷን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያማል እንዴ?» አሉ።

«ያማል» አለች ነርሷ።

የእጅጌያቸውን ቁልፍ ሲፈቱ፣ እኔም የኔን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።