የማይተኙት ሦስት ሳጥኖች

ይመኙሻል የሳጥን እንቅልፍ አስተካክላለሁ ስትል የራሷን ካጣች ሦስት ወር አልፏታል። ዘመሮ በምትባል የደጋ ከተማ ተወልዳ፣ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ፣ ተመልሳ ዘመሮ የገባች ልጅ ናት። «ተምሮ ወደ ብርድ የሚመለስ ሰው አለ?» እያሉ የሚያሾፉባት ሞልተዋል። እሷ ግን ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ጓሳ በሚባለው ሣራም ደጋ ላይ በየእንጨቱ የታሰሩ ዘጠኝ ትንንሽ ሳጥኖች ሠርታለች። እያንዳንዱ ሳጥን የመሬቱን እርጥበትና የአየሩን ብርድ ይለካና ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ፣ ዘመሮ ቤቷ ድረስ ይልክላታል። ሣሩ እንዴት እንደሰነበተ ከዚያ ይታወቃል።

ጣጣው ባትሪው ነው። ሳጥኑ በየስድስት ሰዓቱ አንዴ ይነቃል፣ ይለካል፣ ይልካል፤ የቀረውን ጊዜ ጭልጥ ብሎ መተኛት አለበት። ጓሳ ደግሞ እንደ ሌላው መሬት አይደለም። ሣሩ እንዲያገግም ሕዝቡ ተማክሮ ሲዘጋው ለዓመታት ይዘጋል፤ ከጠባቂዎቹ በቀር ሰውም ከብትም አይገባም፤ ጠባቂም ቢሆን ይዞራል እንጂ አንዲት ሰበዝ አይነካም። አሁን ከተዘጋ መንፈቅ ሆኖታል፤ ሊከፈት ሦስት ዓመት ይቀራል። ለይመኙሻል የመሞከሪያ ጥቂት ወራት ተፈቅደውላት ነበር፤ እሱም እሑድ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ባትሪ ልቀይር ብሎ ነገር የለም።

እናም በእንቅልፍ ሰዓት የሚባክነውን ኃይል ስታሳድድ ከረመች። በተከላው ሰሞን «በሕይወት አለሁ» ለማለት የምትበራውን ቀይ መብራት ነቀለች። እርጥበት የሚለካው ዘንግ ሳጥኑ ተኝቶም ኃይል ሲጠጣ ስታገኘው በእንቅልፍ ጊዜ እንዲቋረጥ አደረገች። ጠረጴዛዋ ላይ ስትለካ፣ የተኛው ሳጥን የሚበላው አራት ማይክሮአምፔር የምትባል ቅንጣት ኤሌክትሪክ ብቻ ሆነ። በዚህ ሂሳብ ባትሪው አራት ዓመት ይሄዳል። ደስ ብሏት ብቻዋን ሳቀች።

ጓሳ ላይ ግን ስድስቱ ደህና ሲሰነብቱ ሦስቱ በሁለት ወራቸው ሞቱ። ሦስቱም የነበሩት ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ጋሽ ተገኘ በሚጠብቁት ጋራ ላይ ነው። ክረምት ስለነበር ሽማግሌው ራሳቸው ፈተው አመጡላት፤ መረመረች፣ ምንም እንከን አጣች፣ ባትሪ ቀይራ፣ ስንቴ እንደነቃ የሚመዘግብ ቆጣሪ ጨምራ መለሰችላቸው። ወር ሳይሞላ ደግመው ሞቱ።

የጓሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ መሳፍንት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቃላቸው ግን አጭር ነው።

«ቅዳሜን ሰጥተንሻል። ጉድለቱን ካላገኘሽ እሑድ ዘጠኙም ይነቀላሉ። በክልክል መሬት ላይ የሞተ ዕቃ ተገትሮ አይከርምም።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተገኘ ፈረሳቸውን ይዘው ጠበቋት። ጓሳን ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁ ናቸው። የገዛ አማቻቸውን አንድ ሸክም ሣር ሲያጭድ ይዘው ለጉባኤ አቅርበዋል፤ ሚስታቸው በዚህ ጉዳይ አንድ ወር ሙሉ እንዳኮረፏቸው አገር ያውቃል።

ጋራው ላይ ሲደርሱ ይመኙሻል ሳጥኗን አጣቻት። እንጨቱ አለ፤ እንጨቱ ላይ ግን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ገሳ ለብሶ የቆመ ነገር ነው ያለው። እረኛ ለዝናብ የሚደርበው ያ የሣር ካባ፣ በልኳ ተጎንጉኖ!

«አለበስኳት» አሉ ጋሽ ተገኘ በኩራት። «ያቺ ቀይ መብራቷ ስትጠፋ በብርዱ የደከመች መሰለኝ። አመዳዩ ሲጋገርባት ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። ሦስቱንም አልብሻቸዋለሁ፤ ላንቺ ሳመጣልሽ ብቻ ነው የማወልቅላቸው።»

ይመኙሻል አዲስ ባትሪ አስገብታ ላፕቶፗን ሰካች። ሳጥኑ ከመሞቱ በፊት በነበረው አንድ ቀን አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ነቅቷል። አራት ጊዜ ብቻ መንቃት የነበረበት ሳጥን! በዚያው ቅጽበት ነፋስ መጣ፤ የገሳው ሣር ክዳኑን ቸብ ቸብ አደረገው፤ ቁጥሩ ዓይኗ እያየ ጨመረ።

ሁሉም ነገር ገባት። ሌባ ወይም ከብት ሲነካው እንዲነቃ ብላ መነቃነቅን የሚሰማ ክፍል ጨምራበት ነበር። ሳጥኑ ይነቃና አለመውደቁን አይቶ፣ ምንም ሳይልክ ተመልሶ ይተኛል። ገሳው እያንኳኳ ቀንም ሌትም ሲቀሰቅሰው የከረመው እሷ ሳታውቅ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ ገሳም ነፋስም የለም።

እየሳቀች ሽማግሌውን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ወዲያው ግን ዓይኗ ሣሩ ላይ አረፈ። ጓሳው ከተዘጋ ወዲህ የታጨደ የዘንድሮ ሣር ነው።

«ጋሽ ተገኘ፣ ይሄን ሣር ከየት አመጡት?»

ሽማግሌው ፈረሳቸውን ማሻሸት ጀመሩ። «ከዚሁ» አሉ። «ስጎነጉን ሣር መሆኑንም የረሳሁት ይመስለኛል።»

ሦስቱንም ገሳ አውልቃ፣ ያን መነቃነቅን የሚሰማ ክፍል ከዘጠኙም ላይ አጥፍታ ስትመለስ፣ ጉድለቱን ያገኘ ሰው ደስታ አልነበራትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ትልቁ የጥድ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ።

«አገኘሽው?» አሉ አቶ መሳፍንት።

«አግኝቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ነፋስ እንኳ የሚቀሰቅሳቸው አድርጌ ሠርቻቸው ነበር፤ አሁን አስተካክያለሁ።»

«ነፋሱማ በዘጠኙም ላይ ነው የሚነፍሰው። ሦስቱ ብቻ ለምን ሞቱ?»

ይመኙሻል መሬት መሬቱን አየች። ስድስት ወር የለፋችበት ነገር በአንድ ቃል ይድናል፤ ያ ቃል ደግሞ ሽማግሌውን ከጠባቂነት ያወርዳቸዋል።

«ካልነገርሽን እንደገና እንደማይሞቱ በምን እናምናለን? እንግዲያው ይነቀሉ።»

«ቆዩ!» ጋሽ ተገኘ ተነሥተው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ። «እኔ ነኝ። ብርድ እንዳይነካቸው ብዬ ገሳ አለበስኳቸው፤ ያ ነው የገደላቸው። ሣሩን ያጨድኩት ከክልክሉ ነው።»

መጀመሪያ የተነሣው ያ አማቻቸው ነው። «በርኅራኄ ያደረጉት ነው፤ ይማሩልን» አለ።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ተገኘ። «እኔ አንተን መች ማርኩህ?»

ሳጥኖቹ ይቆዩ ተባለ። ጋሽ ተገኘም እንደ ሕጉ ከጠባቂነት ወረዱ፤ ጓሳው እስኪከፈት ድረስ እንደማንኛውም ሰው እንዳይገቡ ተወሰነ። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ውሳኔው ግን አልተነሣም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይመኙሻል በሯን ስትከፍት ሽማግሌው ደጃፏ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደሩ እነዚያ ልጆች?»

«ደህና ናቸው። የጠዋቱ መልእክት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል።»

«ሦስት ሰዓትማ አመዳዩ ቀልጧል» አሉ ቅር ብሏቸው። «እኔ ጋራው ላይ የምደርሰው ጎሕ ሲቀድ ነበር።» ከዚያ ተነሥተው ሄዱ።

ይመኙሻል ወረቀት አውጥታ አሰላች። ጎሕ ሲቀድ አንድ ጊዜ ተጨማሪ መንቃት የእያንዳንዱን ባትሪ ዕድሜ በአራት ወር ያሳጥራል። ለግማሽ ማይክሮአምፔር ስትሟገት የከረመች ልጅ አራት ወር ሙሉ! ቁጥሩን ትንሽ አየችው። ሳጥኖቹ ሲነቁ ለአፍታ ትእዛዝ ይቀበላሉና፣ በሦስት ሰዓቱ መንቂያ አዲሱን ሰዓት ላከችላቸው፤ ለሦስቱ ብቻ።

በማግስቱ ሽማግሌውን ራሷ አስጠራቻቸው። ሰማዩ ሲገረጣ ስልኳ ጮኸ።

«ከዜሮ በታች ሁለት» ብላ አነበበችላቸው። «አመዳይ ወርዷል።»

«ሣሩስ?»

«ሥሩ እርጥብ ነው ጋሽ ተገኘ። ደህና ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት በእግራቸው ወጥተው የሚያዩትን ነገር ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፤ ይመኙሻልም ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ አልቅሰው እስኪወጣላቸው ጠበቀቻቸው።