ማተብ ያላት ድመት

«ጉበት ነው የሰጠኋት እንጂ መርዝ አልሰጠኋትም!» አለች ዙህራ፣ ሁለቱን ግቢዎች በሚለየው የድንጋይ ካብ ላይ ክርኗን አስደግፋ።

«ጉበት ነው ትለኛለች! ነይ ግቢና መደቤን እዪው። ከጧት ጀምሮ ያስመለሰችውን ስጠርግ ነው የዋልሁ። ያች ድመት ከተወለደች ጉበት ቀምሳ አታውቅም፤ አንቺ እፍኝ ሙሉ አጎረስሻት!» አለች ጎረቤቷ ወለላ።

«እፍኝ አይሞላም።»

«ስንት ነው ታዲያ?»

ዙህራ መዳፏን ዘርግታ አየችው። «እፍኝ ይሞላል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ደግሞስ የማን ሥጋ ነው?»

«የወንድሜ የዐብደላ ነዋ! ሌላ ሥጋ ሻጭ ከየት ይመጣል? እናንተ እንደሆነ ጾም ገባ ብላችሁ ቢላችሁን ሰቅላችኋል።»

ወለላ አፏን በእጇ ያዘች። «በእመብርሃን! የእስላም ሥጋ! ድመቴን አሰለምሽብኝ!»

«ኧረ ተይ እትዬ ወለላ! አንድ ጉርሻ ጉበት ካሰለማት ክርስትናዋም ያን ያህል የጠና አልነበረም።»

ጠቡ የተነሣባት ድመት ካቡ ሥር ጆንያ ላይ ተኝታለች። ዓይኗን ገልጣ ሁለቱንም ተራ በተራ አየችና መልሳ ጨፈነች። ነጭ ናት፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ታስሮላታል። ስሟ እሜቴ ነው። ስሙን ያወጣችላት ዙህራ ነበረች፣ አይጥ ባጠገቧ ሲያልፍ እንደ ባላገር ዘመዷ አይታ ዝም ስትለው ተመልክታ።

ወለላና ዙህራ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በአዲስ ዓለም ግርጌ ጎረቤታሞች ናቸው። የሚጣሉትም የሚታረቁትም በዚያ ካብ ላይ ነው። ጎመን ሲደርስ፣ ቆሎ ሲቆላ፣ ለበዓል ዳቦ ሲደፋ በካቡ ላይ ይቀባበላሉ። እሳት ሲጠፋ እሳት፣ ልጅ ሲታመም መድኃኒት አልፎበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከወዲያ ወዲህ ያላለፈው ሥጋ ብቻ ነው።

ወለላ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጥጥ እየፈተለች የምታድር ሴት ናት። አንዲት ልጇ አባይነሽ ሳንጃ ሰሊጥ ለሚነግድ ሰው ተድራ ቆላ ወርዳለች። አምና የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ካጠገቧ አልነበረችም፤ ሕፃኑም ሳይሰነብት ሞተ። አሁን ደግሞ ፀንሳለች። ሰሊጥ የሚጭነው ሾፌር ዋኘው መልእክቷን በቃል ይዞ መጣ፤ «እናቴ ከጎኔ ካልሆነች አልወልድም በልልኝ» ብላለች ብሎ።

«አለመውለድማ ትችላለች!» ብላ ሣቀች ወለላ ያን ጊዜ። ዋኘው ሲሄድ ግን እንዝርቷን ይዛ ሳትፈትል ዋለች። መሄድስ ሆዷ ከሄደ ቆይቷል። ግን እሜቴን ለማን ትታ? ድመቲቱ የበሰለ ነገር አታሸትም። የምትበላው ጥሬ የፍየል ሥጋ ነው፤ እሱም ሥቡና ጅማቱ ወጥቶለት፣ ወለላ በገዛ እጇ እንደ ባቄላ ከትፋ ስታቀርብላት። ጾም ሲገባ ጨውም በርበሬም ያልነካው ቋንጣ ይቀመጥላታል፤ ወለላ በውኃ እያራሰች ታቀርብላታለች። ሌላ ሰው ያን ቋንጣ ቢያቀርብላት ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ዘንድሮ ደግሞ ቋንጣው ፋሲካ የሚያደርስ አልነበረም፤ የድመቲቱም ጠጉር እንደ አሮጌ ጋቢ ከተለጣጠፈ ሰንብቷል።

በማግስቱ ጧት ዙህራ በካቡ ላይ ብቅ አለች። በእጇ እንቁላል ይዛለች።

«ይኼንስ ማን አረደው?» አለች።

ወለላ ሣቋን ለመደበቅ ወደ እንዝርቷ ጎነበሰች። «ዶሮዋ የእስላም ዶሮ ናት።»

«ዶሮዋን ጠይቂያት እንግዲህ። አስኳሉን ብቻ ስጫት፤ ጥሬውን።»

«ምነው አንቺ፣ ስለ ድመቴ ሆድ እንዲህ ያስጨነቀሽ?»

ዙህራ እንቁላሉን ካቡ ላይ ድንጋዮቹ መካከል አስቀመጠችው። «ከኔ ቤት የማይጠፋውን ነገር ብትለምድ አንቺ ትሄጃለሽ ብዬ ነው» አለች። «ልጂቱ ሁለተኛ ብቻዋን ልትወልድ ነው? ክረምት ከገባ መንገዱ ይዘጋል። ትናንት አጥፍቻለሁ፤ ቸኮልሁ። ባንድ ቀን ሁሉን ላለምዳት ብዬ።»

ወለላ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አንቺ ስንት ልጅ አሳድገሻል፤ ጠፍቶሽ ነው?» አለች። «ሕፃን እህል ሲቀምስ ባንድ ቀን ቅልጥም ይጎርሳል? በጣት ጫፍ አይደለም? አንዱን ሲለምድ ነው ሌላው።»

«በጣት ጫፍ ይሁን እሺ።»

«ደግሞ የማለምዳት እኔ ነኝ። ከእጄ ነው የምትቀበለው።»

በስንደዶ ጫፍ አንዲት ጠብታ አስኳል ነክራ በራሰው ቋንጣ ላይ ጣል አደረገችባት። እሜቴ ቀረብ ብላ አሸተተች። ከዚያ የፊት እግሯን አንሥታ ውኃ እንደረገጠ ሰው አራገፈችና ሄደች። ያን ቀን ጦሟን ዋለች። ዙህራ ከካቡ ማዶ ሆና፣ «ይኸው ጾመኛ ናት፤ አማሁሽ እንጂ!» እያለች ቀለደች። በማግስቱ ወለላ ጠብታዋን አሳነሰች፤ ስንደዶውን ነካ አድርጋ ብቻ አለፈችው። ድመቲቱ በላች። ሲውል ሲያድር ጠብታው ሁለት ሆነ፤ ወደ ማንኪያም ደረሰ። አንድ ጧት እሜቴ ቋንጣውን ትታ አስኳሉን አስቀድማ ስትልስ ወለላ አየችና ካቡ ድረስ ሮጣ፣ «ዙህራ! ኧረ ዙህራ! ነይ እዪ!» ብላ ተጣራች። ዙህራም እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። ሁለቱም አንዲት ድመት ስትበላ ለማየት እንደ ሠርገኛ ቆሙ።

ግን እንቁላል ብቻውን ድመት አያኖርም። ቋንጣው ሲያልቅ ወለላ ያንኑ ስትፈራው የቆየችውን ነገር መጠየቅ ነበረባት።

የነፍስ አባቷ አባ ሐብተ ማርያም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቋት መጡ። ጠላ ቀድታ ሰጠቻቸውና ከፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማተብ ያላት ነፍስ የእስላም ሥጋ በልታ ብትገኝ ምን ይደረጋል?»

አባ ዋንጫውን ከአፋቸው መለሱ። «ማን ናት?»

«የቤቴው ናት።»

«አባይነሽ?» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ኧረ አይደለችም! ይቀመጡ። እሷ ናት» አለች ወለላ፣ ከምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ወደ ተኛችው ድመት እያመለከተች።

አባ ድመቲቱን አዩ፤ ማተቡን አዩ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ክርስትና አንሥተሻታል?»

«አላነሣኋትም።»

«ቆርባለች?»

«አባ፣ አይቀልዱብኝ።»

«እኔ ነኝ የምቀልድ? ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ማተብ አስራ ያየሁት ዛሬ ነው።» ጠላቸውን ጠጡ። «ለምን አሰርሽላት ወለተ ሥላሴ?» አሉ፣ በክርስትና ስሟ ጠርተው።

ወለላ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለችና ፈታችው። «አባይነሽ በተዳረች ወር ነው የመጣች። ጅራቷ እንደ እንዝርት የቀጠነች፣ ከበር የወደቀች ነበረች። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ማተብ ያለው አንገት የኔ ብቻ ሆኖብኝ ነበር። አሰርሁላት።»

አባ ቀልዱን ትተው፣ «ልጄ» አሉ፣ «ለእንስሳ ጾምም ግዝትም አልተሠራላትም። ያገኘችውን ትብላ። ይኼ ክር ካስጨነቀሽ ይውጣላት።»

«ልበጥሰው?» አለች ወለላ፤ ቃሉ ካፏ ሲወጣ እሷኑ ሰቀጠጣት። ማተብ በጣሽ መባል በጠላቷም ላይ የማትናገረው ስድብ ነው።

«ምን አስበጠሰሽ? ያሰረ እጅ ይፈታ የለም?» አሉ አባ። «ፍቺላት። ወደ ልጅሽም ሂጂ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዙህራ በካቡ ጫፍ ባለው ክፍተት አልፋ መጣችና ድመቲቱን በጭኗ ላይ ያዘችላት። ቋጠሮው ከመቆየቱ ብዛት እንደ ጠጠር ደርቋል። ወለላ በጥፍሯ ሞከረች፤ በጥርሷ ሞከረች፤ በወስፌ ጫፍ ቀስ እያለች ማላላት ጀመረች። እሜቴ ስትፈራገጥ የዙህራን እጅ ቧጨረች።

«እፍ! ጥፍሯስ ሃይማኖት አይለይም!»

«ጥብቅ አድርገሽ ያዣት።»

«ያዝኋት እኮ! አንቺ ቶሎ ፍቺው እንጂ።»

ክሩ ሲፈታ ከሥሩ ያለው ነጭ ጠጉር እንደ ቀለበት ተጋድሞ ታየ። ወለላ በአውራ ጣቷ ደጋግማ አሻሸችው፤ አልነሣ አለ። ዙህራ ድመቲቱን ከጭኗ ለቀቀቻት።

ከማግስቱ ጀምሮ እሜቴ የምትበላው በዙህራ ግቢ ሆነ። ዐብደላ ከገበያ ሲመለስ ለእህቱ ጉበት፣ ልብ፣ ሳንባ በቅጠል ጠቅልሎ ይጥልላታል። ወለላ ያን ሥጋ በእጇ አልነካችም። ካቡ ላይ ሆና ግን አፏ አላረፈም።

«አተለቅሽው! ባቄላ አልሁሽ እንጂ ጉልቻ አልሁሽ?»

«ባቄላ ነው እኮ!»

«ሥቡ አልወጣም። ይኸው ከዚህ ይታየኛል።»

«ዓይንሽ ለክር ሲሆን ይፈዛል፤ ለሥብ ሲሆን ይበራል!»

ልቡን ድመቲቱ በመጀመሪያው ቀን ወደደችው። ጉበቱን፣ ያን ያሳመማትን፣ ከልቡ ጋር እየተደባለቀ፣ መጀመሪያ የምስር ፍሬ ታህል፣ እየቆየ ጨመር እየተደረገ ለመደችው፤ ሆዷም አልተነካም። ሳንባ ግን በምንም መንገድ እምቢ አለች፤ ቢደባለቅባት እንኳ ለይታ ከሳህኑ ዳር ትደረድረዋለች። «ተያት፤ ሰው ሁሉን አይወድም» አለች ወለላ። ጠጉሯም ቀስ በቀስ መለስለስ ጀመረ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እሜቴ እየበላች የወለላን ድምፅ ከሰማች ሳህኑን ትታ ወደ ካቡ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ አትመለስም። ዙህራ ይህን ያስተዋለችው ከወለላ በፊት ነው። ጥቂት ቀናት ሳትናገር ቆየች። በመጨረሻ፣ «እትዬ ወለላ» አለች፣ «አንቺ ዝም ስትዪ ነው የምትጠግበው።»

ወለላ ዝም ማለት ከባድ ሆነባት። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ካቡ ላይ እየተደገፈች አየች። ድመቲቱ እስከ መጨረሻው በላች፤ ሳህኑን ላሰች፤ ከዚያ ወደ ዙህራ ጉልበት ተጠግታ ፊቷን ታጥብ ገባች። ወለላ ደስ አላት። ደስታው ካለፈ በኋላ ግን ወደ ቤቷ ገብታ፣ ሳይመሽ ተጋደመች።

ዋኘው ከሆሳዕና በፊት ወደ ሳንጃ እንደሚወርድ ላከ። ወለላ ለአራሷ የሚሆን ቅቤና አብሽ አዘጋጀች፤ ለሕፃኑ ደግሞ በገዛ ፈትሏ ያሠራችውን ስስ ጨርቅ አጠፈች። በመሄጃዋ ዋዜማ ሁለቱ ሴቶች ካቡ ላይ ተገናኙ።

«ነገ ማኪናው ሲመጣ እኔ እያበላኋት እቆያለሁ» አለች ዙህራ። «ሳትናገሪ ውጪ። ድምፅሽን ከሰማች ተከትላሽ ትወጣና እመንገድ ትቀራለች።»

«ሳልሰናበትሽ?»

«አሁን ተሰናበቺኝ።»

ወለላ ምን እንደምትል አሰበች። «ሥቡን…»

«አወጣለሁ።»

«ሳንባ…»

«አልሰጣትም። ሌላስ?»

ሌላ ብዙ ነበር። ወለላ ግን የዙህራን የተቧጨረ እጅ ይዛ ሳመችው። ዙህራ እጇን ነጥቃ የወለላን ሁለት ጉንጭ ሳመች። «ልጅሽን አላህ በሰላም ይገላግላት» አለች። «አንቺም ቶሎ ነይ። እዚህ ከማን ጋር ልጣላ ነው?»

ጧት ማኪናው ከታች መንገድ ላይ ቆመ። ዋኘው ተነግሮት ስለነበር ጡሩንባ አልነፋም። ዙህራ በግቢዋ መካከል ቁጢጥ ብላ ልቡን ትከትፋለች፤ ድመቲቱ አፍንጫዋን ወደ ቢላው ዘርግታ ትጠብቃለች። ሳህኑ ሲቀርብ አንገቷን ደፍታ መብላት ጀመረች።

ወለላ በሯን ዘጋች። ጠጠሩ እንዳይጮኽ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ ጓዟን በጀርባዋ አዘለች። በካቡ አጠገብ ስታልፍ ቆም ብላ አየች። የዙህራ ጀርባ፣ የድመቲቱ ጆሮዎች፣ የሳህኑ ዳር ታዩዋት። አንዱም ወደ እሷ አልዞረም። ቁልቁለቱን ወረደች።

ሳህኑ ላይ ልቡ አልቆ ነበር። ዙህራ ከጉበቱ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች።